ምዕራፍ አራት፦ ከ230 ሺህ ቮልት ወደ አንድ ቮልት

ከጎንደር ተነሥቶ በሸህዲ በኩል ወደ መተማ የሚወርደው ከፍተኛ የኤሌክትሪክ መስመር 230 ሺህ ቮልት ተሸክሞ ድንበር ይሻገራል፤ ሱዳን ገብቶም ገዳሪፍ ይደርሳል። በዓለም ባንክ ድጋፍ የተዘረጋው ለጎረቤት አገር ኃይል ለመሸጥ ነው። ከአገሪቱ መረብ ወደ ከተሞች የሚከፋፈለው ኤሌክትሪክ ደግሞ በየማከፋፈያ ጣቢያውና በየትራንስፎርመሩ እየተቀነሰ ይመጣና ግድግዳ ላይ ካለው ሶኬት ሲደርስ 220 ቮልት ይሆናል። ብዙ ሰው ጉዞው እዚህ ያለቀ ይመስለዋል። ሶኬቱ ላይ ኮምፒዩተር ከተሰካ ግን ገና ብዙ ይቀራል፦ 220 ቮልቱ ወደ 12፣ 12ቱም ወደ አንድ ቮልት ገደማ መውረድ አለባቸው። ስሌቱን የምትሠራው ያቺ የመጨረሻዋ አንድ ቮልት ናት።

ይህ ምዕራፍ የኮምፒዩተርን አካላት የሚያስተዋውቀው ኤሌክትሪኩን ተከትሎ ነው። ምክንያቱም በምዕራብ ጎንደር ቆላ ኮምፒዩተርን የሚጎዱት ሦስት ነገሮች መብራት፣ ሙቀትና አቧራ ናቸው፤ ሦስቱም የሚያጠቁት ቦታ ይታወቃል። ከገንዳ ውሃ እስከ ቋራ ወረዳ መቀመጫ ገለጉ ድረስ ኮምፒዩተር የዕለት ሥራ ዕቃ ሆኗል። የወረዳው ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ ያወጣበታል፤ ባንኩ ሒሳብ ያንቀሳቅስበታል፤ የመተማ ዮሐንስ ጉምሩክ ዲክላራሲዮን ይመዘግብበታል፤ የኢትዮጵያ ምርት ገበያ መጋዘን ሰሊጥ ተረክቦ ደረሰኝ ያወጣበታል፤ ፎቶ ኮፒ ቤቱ የባለጉዳዩን ማመልከቻ ይተይብበታል። ዕቃው ግን ለዚህ አየር ተብሎ የተሠራ አይደለም። ዴልና ኤችፒ ለብዙዎቹ የቢሮ ዴስክቶፖቻቸው በመግለጫ ወረቀት ላይ የሚያሰፍሩት የክፍል ሙቀት ጣሪያ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። መተማ በመጋቢትና በሚያዝያ ቀትር ላይ 40 ዲግሪን ያልፋል።

ማሽኑ ሲቆም በየቢሮው የሚሰማው ቃል «ተቃጠለ» ነው። ቃሉ ከተነገረ በኋላ ኮምፒዩተሩ ብዙ ጊዜ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ይሄዳል፤ በላዩ ላይ የድሮ ፋይል ይከመርበታል። ግን ኮምፒዩተር በአንድ ጊዜ ሁለንተናው የሚቃጠል ዕቃ አይደለም። እየተነቀሉ የሚተኩ ክፍሎች ስብስብ ነው፤ የሚበላሸውም አብዛኛውን ጊዜ አንዱ ነው። የትኛው እንደሆነ መለየት የሚችል ሰው ባለበት መሥሪያ ቤት ማሽን ረጅም ዕድሜ ይኖረዋል።

ከሶኬቱ ቀጥሎ ያለው የመጀመሪያው ክፍል ፓወር ሰፕላይ ነው። በሳጥኑ ጀርባ፣ ገመዱ በሚሰካበት ቦታ፣ የራሱ ፋን ያለው የብረት ማሸጊያ ነው። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ በሰከንድ 50 ጊዜ የሚመላለስ ተለዋዋጭ ኃይል ሲሆን ኮምፒዩተር የሚሠራው ግን በአንድ አቅጣጫ በሚፈስ ኃይል ብቻ ነው። ፓወር ሰፕላዩ መጀመሪያ 220ውን ወደ አንድ አቅጣጫ ያቃናል። 220 የአማካይ ስሌት ስለሆነ ጫፉ ሲያዝ ከ310 ቮልት በላይ ይወጣል። ይህ ኃይል ወፋፍራም ካፓሲተሮች ውስጥ ይጠራቀማል፤ ከዚያ በሰከንድ ብዙ አሥር ሺህ ጊዜ እየተቆራረጠ በትንሽ ትራንስፎርመር ያልፍና 12፣ 5 እና 3.3 ቮልት ሆኖ ይወጣል። ቢጫው ሽቦ 12፣ ቀዩ 5፣ ብርቱካናማው 3.3 ይሸከማል፤ ጥቁሩ መመለሻ ነው። ካፓሲተሮቹ ገመዱ ከተነቀለም በኋላ ለሰው አደገኛ የሆነ ኃይል ሊይዙ ይችላሉ። ስለዚህ የዴስክቶፑን ሳጥን መክፈት ማንም ሊማረው የሚችል ነገር ቢሆንም የፓወር ሰፕላዩን ማሸጊያ መክፈት ለሰለጠነ ሰው ብቻ የሚተው ነው።

ሞቶ እንደሆነ ግን ሳይከፍቱ ማወቅ ይቻላል። ከማዘርቦርዱ የሚገናኘው ሰፊ መሰኪያ ከተነቀለ በኋላ በውስጡ ያለውን አረንጓዴ ሽቦ ከአንዱ ጥቁር ጋር በአጭር ሽቦ አገናኝቶ ፓወር ሰፕላዩን ሶኬት ላይ መሰካት ነው። ፋኑ ከዞረ ቢያንስ ነፍስ አለው። ካልዞረ፣ የሚለወጠው ክፍል ምናልባት እሱ ብቻ ነው፤ ሃርድ ዲስኩና በውስጡ ያለው የብዙ ዓመት ሰነድ ጉዳት ላይደርስባቸው ይችላል። ኃይል የማያገኝን ኮምፒዩተር «ሙሉ በሙሉ ሞቷል» ብሎ መጣል ትልቅ ጥፋት የሚሆነው ለዚህ ነው።

በቆዩ ፓወር ሰፕላዮች ጀርባ ላይ 115 ወይም 230 የሚል ትንሽ ቀይ መቀያየሪያ አለ። አሜሪካ ያለ ዘመድ በሻንጣ የላከው አሮጌ ዴስክቶፕ ሲመጣ ይህ መቀያየሪያ 115 ላይ ሊሆን ይችላል፤ እንደዚያው 220 ላይ ከተሰካ በቅጽበት ይፈነዳል። የዛሬዎቹ አብዛኞቹ ከ100 እስከ 240 ያለውን ራሳቸው ይለያሉ። ቢሆንም አሮጌ ማሽን ሲመጣ ከመሰካቱ በፊት ጀርባውን ማየት ግድ ነው።

ከመብራት መጥፋት ይልቅ ማሽን የሚጎዳው የመብራት መምጣት ነው። ኃይል ሲመለስ በየቤቱ ያለው ፍሪጅና ፓምፕ ሁሉ በአንድ ላይ ስለሚነሣ ቮልቱ ይዋዥቃል። መብራት እንደሄደ ገመዱን ከዲቫይደሩ ነቅሎ፣ ከመጣ በኋላ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ መሰካት ምንም ወጪ የሌለው መከላከያ ነው። ስታብላይዘርና ዩፒኤስ ሁለቱም በየቢሮው ይታያሉ፤ ሥራቸው ግን የተለያየ ነው። ስታብላይዘር የወረደውን ቮልት ከፍ፣ የወጣውን ዝቅ ያደርጋል እንጂ መብራት ሲጠፋ አንድ ሰከንድ እንኳ አይሰጥም። ዩፒኤስ ባትሪ ስላለው ፋይል ሴቭ አድርጎ ለመዝጋት የሚበቁ ደቂቃዎች ይሰጣል። ርካሹ ዩፒኤስ ወደ ባትሪው ለመዞር ጥቂት ሚሊ ሰከንዶች ይፈጅበታል፤ በዚያች ክፍተት ኮምፒዩተሩ የማይጠፋው ደኅና ፓወር ሰፕላይ በካፓሲተሮቹ ውስጥ ባለው ክምችት 16 ሚሊ ሰከንድ ያህል እንዲቆይ ተደርጎ ስለሚሠራ ነው። ካፓሲተሩ ሲያረጅ ይህ ትንፋሽ ያጥርና ዩፒኤስ እያለ ኮምፒዩተሩ ይጠፋል፤ ባለቤቱ ዩፒኤሱን ይከሳል። ሌዘር ፕሪንተር ደግሞ ሲሞቅ በአንድ ጊዜ ብዙ ኃይል ስለሚስብ ከዩፒኤሱ ጋር መሰካት የለበትም።

ከፓወር ሰፕላዩ የወጣው 12 ቮልት የሚገባው ማዘርቦርድ ላይ ነው። ሁሉም ነገር የሚሰካበት ሰፊው ሰሌዳ ይህ ሲሆን በውስጡ በድርብርብ የተነጠፉ የመዳብ መንገዶች አሉ። ፕሮሰሰሩ፣ ራሙ፣ ሃርድ ዲስኩ፣ ኪቦርዱ፣ የኔትወርክ ገመዱ እርስ በርስ የሚነጋገሩት በእነዚህ መንገዶች ነው። ከፕሮሰሰሩ አጠገብ ተሰልፈው የቆሙት ትናንሽ ክፍሎች 12ቱን ቮልት ወደ አንድ ቮልት ገደማ ያወርዳሉ። በመካከላቸው እንደ በርሜል የቆሙት ካፓሲተሮች ኃይሉ ሲበዛ እያጠራቀሙ፣ ሲያንስ እየለቀቁ ፍሰቱን ያስተካክላሉ።

የቆላ ሙቀት በጸጥታ የሚገድለው እነዚህን ካፓሲተሮች ነው። ብዙዎቹ በውስጣቸው ፈሳሽ አላቸው፤ በኤሌክትሮኒክስ ባለሙያዎች ዘንድ የታወቀው መመዘኛም ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜያቸው በግማሽ ይቀንሳል የሚል ነው። ጎንደር ከተማ ላይ ስምንት ዓመት ሊያገለግል የሚችል ክፍል በሃያ ዲግሪ በሚበልጥ ሙቀት ውስጥ ሁለት ዓመት ላይ ሊደክም ይችላል ማለት ነው። ጉዳቱ በዓይን ይታያል፦ ጠፍጣፋ መሆን ያለበት አናታቸው ያብጣል፤ አንዳንዴም ቡናማ ፈሳሽ ያወጣል። በ2000ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ጉድለት ያለባቸው ካፓሲተሮች በዓለም ዙሪያ ተሠራጭተው ነበር። ዴል ኦፕቲፕሌክስ በተባሉ የቢሮ ኮምፒዩተሮቹ ላይ በደረሰው ብልሽት ምክንያት በ2005 እ.ኤ.አ. ለጥገናና ለምትክ 300 ሚሊዮን ዶላር ለመመደብ ተገዷል። ያበጠ ካፓሲተርን በብየዳ የሚቀይር ባለሙያ ከተገኘ ማዘርቦርዱ ይድናል፤ ክፍሉ ራሱ በጣም ርካሽ ነው።

አሁን ፕሮሰሰሩ ጋ ተደርሷል። በየሱቁ «ሲፒዩ» ተብሎ የሚጠራው ሙሉው ሳጥን ቢሆንም እውነተኛው ሲፒዩ ሁለት ስኩዌር ሴንቲሜትር እንኳ ላይሞላ የሚችል የሲሊከን ቁራጭ ነው። በውስጡ ትራንዚስተሮች አሉ፤ እያንዳንዱ የኤሌክትሪክ ማብሪያና ማጥፊያ ነው። ሲበራ አንድ፣ ሲጠፋ ዜሮ ይባላል፤ መደመሩም፣ ማወዳደሩም፣ መምረጡም የሚሠራው እነዚህ ማብሪያዎች በረድፍ ሲገናኙ ነው። ኢንቴል በ1971 እ.ኤ.አ. ያወጣው 4004 የተባለው ፕሮሰሰር 2,300 ትራንዚስተሮች ነበሩት። አይቢኤም በነሐሴ 1981 እ.ኤ.አ. ለገበያ ባቀረበው የግል ኮምፒዩተር ውስጥ የነበረው 8088 ደግሞ 29 ሺህ ያህል ነበሩት። አፕል በ2020 እ.ኤ.አ. ያወጣው ኤም1 16 ቢሊዮን አለው።

ያ የ1981ዱ ፕሮሰሰር በ5 ቮልት እየሠራ በሰከንድ 4.77 ሚሊዮን ጊዜ ይመታ ነበር፤ በላዩ ላይ ፋን አልነበረውም፤ አያስፈልገውምም ነበር። የዛሬ የቢሮ ፕሮሰሰር በሰከንድ ከ3 ቢሊዮን ጊዜ በላይ ይመታል። ትራንዚስተር በበራና በጠፋ ቁጥር ጥቂት ሙቀት ይለቃል፤ ሙቀቱ ከምቱ ብዛት ጋር ይጨምራል፤ ከቮልቱ ጋር ደግሞ በእጥፍ ድርብ ይጨምራል፦ ቮልቱ ሁለት ጊዜ ሲያድግ ሙቀቱ አራት ጊዜ ያድጋል። መሐንዲሶች ባለፉት ዐሥርት ዓመታት ቮልቱን ከ5 ወደ 1 ገደማ ያወረዱት ለዚህ ነው። ቮልቱ ሲወርድ ግን ኃይሉን ለማድረስ ብዙ አምፔር ያስፈልጋል። 65 ዋት የሚወስድ የተለመደ ፕሮሰሰር ሙሉ አቅሙን ሲሠራ ከ50 አምፔር በላይ ይፈስበታል። የኤሌክትሪክ ምጣድ እንጀራ ሲጋገርበት የሚስበው 16 አምፔር አካባቢ ነው። በእርግጥ የምጣዱ ቮልት 220 ስለሆነ ጠቅላላ ኃይሉ ከፕሮሰሰሩ እጅግ ይበልጣል፤ ነገር ግን ያን ያህል አምፔር በዚያች ጠባብ ቁራጭ ውስጥ ማለፉ ሙቀቱ ለምን ቶሎ መነሣት እንዳለበት ያሳያል።

ሙቀቱን የሚያነሡት ሦስት ነገሮች ናቸው። በፕሮሰሰሩና በላዩ ባለው ብረት መካከል የሚቀባው የሙቀት ማስተላለፊያ ቅባት አለ፤ ብዙ ክንፍ ያለው የአሉሚኒየም ወይም የመዳብ ማቀዝቀዣ አለ፤ በላዩ ፋን አለ። ሦስቱ ተባብረው የሚችሉት ሙቀቱን ወደ ክፍሉ አየር ማውጣት ነው እንጂ ከክፍሉ አየር በታች ማቀዝቀዝ አይደለም። ይህ ነጥብ ለመተማና ለገለጉ ዋናው ነው። አንድ ማቀዝቀዣ ፕሮሰሰሩን ከክፍሉ አየር በ45 ዲግሪ ከፍ ብሎ እንዲቆይ የሚያደርግ ከሆነ፣ 20 ዲግሪ በሆነ የጎንደር ቢሮ ውስጥ ፕሮሰሰሩ 65 ላይ ይቆማል፤ 42 ዲግሪ በሆነ የቆላ ቢሮ 87 ይደርሳል። የደጋው አየር ስስ በመሆኑ ሙቀት የመሸከም አቅሙ ያነሰ ነው፤ ቅዝቃዜው ግን ያንን አብልጦ ይክሰዋል። ብዙዎቹ የኢንቴል ፕሮሰሰሮች 100 ዲግሪ አካባቢ ሲደርሱ ራሳቸውን ለማዳን ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ፤ ካልበቃም ማሽኑ ይጠፋል። በቆላው ወደዚያ ለመድረስ የቀረው 13 ዲግሪ ብቻ ነው። በበጋ የዋልካው መሬት ተሰነጣጥቆ የሚያስነሣው ደቃቅ አቧራ በማቀዝቀዣው ክንፎች መካከል ሲጋገር ያ 13 ዲግሪ ያልቃል።

በየቢሮው በስህተት የሚታከመውም ይህ በሽታ ነው። ኮምፒዩተሩ ጠዋት ደኅና ይሠራል፤ ከሰዓት በኋላ ይንቀራፈፋል፤ «ስታክ» ያደርጋል፤ ድንገት ይጠፋል። ባለቤቱ ቫይረስ ነው ይላል። አንቲቫይረስ ይጫናል፤ ዊንዶውሱ ፎርማት ይደረጋል፤ ለዚህም ገንዘብ ይከፈላል። በማግስቱ ቀትር ያው ነው። ጠዋት ፈጥኖ በቀትር የሚደክም ማሽን በመጀመሪያ መመርመር ያለበት በሙቀት ነው። መድኃኒቱም ማሽኑን ነቅሎ ሳጥኑን መክፈት፣ አቧራውን በለስላሳ ብሩሽና በአየር ማውጣት፣ የደረቀውን ቅባት ጠርጎ አዲስ መቀባት ነው። አየር ሲነፋበት ፋኑን በጣት ይዞ ማቆም ያስፈልጋል፤ ከመጠን በላይ ከዞረ መሽከርከሪያው ይጎዳል። ሳጥኑን ከወለል ከፍ አድርጎ ማስቀመጥና ጀርባውን ከግድግዳ ማራቅ ብቻውን የሚታይ ልዩነት ያመጣል።

ፕሮሰሰሩ ይፈጥናል እንጂ ብዙ አያስታውስም። በእጁ ያለውን ሥራ የሚያስቀምጥለት ራም ነው፤ ማዘርቦርዱ ላይ ቆሞ የሚሰካ ቀጭን ሰሌዳ። የአይቢኤሙ ሮበርት ዴናርድ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በፈለሰፈው አሠራር እያንዳንዱ የራም ሕዋስ አንድ ትራንዚስተርና አንዲት ደቃቅ ካፓሲተር አለው፤ ካፓሲተሯ ኃይል ከያዘች አንድ፣ ካልያዘች ዜሮ ነው። የያዘችው ኃይል ግን ቶሎ ስለሚፈስስ በየ64 ሚሊ ሰከንዱ ሁሉም ሕዋስ ተነብቦ እንደገና ይሞላል። አራት ጊጋባይት ራም ከ34 ቢሊዮን በላይ እንዲህ ያሉ ሕዋሳት አሉት። መብራት ሲሄድ የሚሞላቸው የለም፤ የተተየበው ማመልከቻ ሴቭ ካልተደረገ የሚጠፋው በዚህ ምክንያት ነው።

«ሰሊጥ» የሚለው ቃል ሲተየብ ራሙ ውስጥ የሚገባው ፊደል አይደለም፤ ቁጥር ነው። ሰ 4656፣ ሊ 4618፣ ጥ 4901 ናቸው። እነዚህ ቁጥሮች በመላው ዓለም አንድ የሆኑት በ1999 እ.ኤ.አ. የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ 3.0 በተባለው ዓለም አቀፍ መለያ ውስጥ ሲካተት ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ መጻፊያ ሶፍትዌር የራሱን ቁጥር ይሰጥ ስለነበር በአንዱ ኮምፒዩተር የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ይሆን ነበር። ፍሥሐ አጥላው፣ አበራ ሞላ፣ ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ ፊደሉ ከኮምፒዩተር ጋር እንዲስማማ ከደከሙት ሰዎች መካከል ናቸው። ዛሬ በገለጉ የተጻፈ ደብዳቤ ባሕር ዳር ላይ ያለ ችግር የሚነበበው በእነሱና በብዙ የሥራ ጓዶቻቸው ልፋት ነው፤ ስማቸውም ከዚህ በላይ ሊታወቅ ይገባል።

በተለመደው የአቀማመጥ ዘዴ እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ይወስዳል። «ሰሊጥ» ዘጠኝ ባይት ነው። ሁለት ሺህ ፊደል የሚይዝ አንድ ገጽ 6 ሺህ ባይት አካባቢ ይሆናል። የ1981ዱ የአይቢኤም ኮምፒዩተር በትንሹ ዋጋው ሲሸጥ የነበረው 16 ኪሎባይት ራም በዚህ ሒሳብ ሦስት ገጽ አማርኛ እንኳ አይዝም ነበር። የጽሑፍ ሥራ ብቻ የሚሠራ ቢሮ በዛሬ ራም ሊጨናነቅ እንደማይችል ከዚህ ይታያል፤ ራም የሚበላው ዊንዶውሱ ራሱ፣ የኢንተርኔት መክፈቻውና በአንድ ጊዜ የተከፈቱት ገጾች ናቸው። ኮምፒዩተሩ ሲበራ ምስል ሳያሳይ «ቢፕ ቢፕ» ካለ አንዱ ተጠርጣሪ ራሙ ነው። ነቅሎ የወርቅ ቅብ ጥርሶቹን በንጹሕ ላጲስ ማሸትና መልሶ መሰካት በየጥገና ቤቱ የሚደረግ ሲሆን ብዙ ጊዜ ይሠራል።

ራም ሲረሳ የማይረሳው ሃርድ ዲስክ ነው። በውስጡ ማግኔት የተቀባ ጠፍጣፋ ሳህን በብዙ የዴስክቶፕ ዲስኮች በደቂቃ 7,200 ጊዜ ይዞራል፤ በትልቁ የዴስክቶፕ ዲስክ የሳህኑ ጠርዝ ፍጥነት በሰዓት ከ120 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። የሚያነበው ጫፍ ከሳህኑ ወለል በጥቂት ናኖ ሜትር ከፍታ ላይ ይንሳፈፋል፤ አንዲት የአቧራ ቅንጣት ከዚያ ከፍታ እጅግ ትበልጣለች። ዲስኩ በጥብቅ የተዘጋው፣ ሲሠራም መመታት የሌለበት ለዚህ ነው። «ቀጭ ቀጭ» የሚል ድምፅ ከጀመረ የመጀመሪያው ሥራ ጥገና አይደለም፤ ፋይሎቹን በአስቸኳይ ወደ ሌላ ቦታ መገልበጥ ነው። የሚንቀሳቀስ አካል የሌለው ኤስኤስዲ ይህ ሁሉ ስጋት የለበትም። አሮጌ የቢሮ ኮምፒዩተር ላይ ገንዘብ የሚወጣ ከሆነ ሃርድ ዲስኩን በኤስኤስዲ መተካትን የሚያህል ለውጥ የሚያመጣ ነገር የለም፤ ደቂቃዎች ይፈጅ የነበረው ኮምፒዩተሩን መክፈት ወደ ሰከንዶች ይወርዳል።

አንድ 500 ጊጋባይት ዲስክ ከ80 ሚሊዮን ገጽ በላይ አማርኛ ይይዛል። በስልክ የተነሣ 3 ሜጋባይት ፎቶ ብቻውን የ500 ገጽ ያህል ቦታ ይወስዳል። ስለዚህ «ዲስኩ ሞላ» ሲባል ደብዳቤዎቹን ማጥፋት ጥቅም የለውም፤ የሞላው በፎቶና በቪዲዮ ነው። በአማራ ክልል ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ በነበረበት ጊዜ ደግሞ ፋይል ከቢሮ ወደ ቢሮ ለማሻገር አንዱ መንገድ ፍላሽ ነበር። ፍላሽ ከኤስኤስዲ ጋር አንድ ዓይነት የማስታወሻ ዘዴ ቢኖረውም ጥራቱ ያነሰ ነው፤ ብቸኛ ቅጂ ማኖሪያ ሊሆን አይገባም።

ከሳጥኑ ውጭ ያሉት መሣሪያዎች ቀላል ናቸው። ኪቦርድ ቁልፉ ሲጫን አንድ የኤሌክትሪክ ዑደት ይዘጋና ቁጥር ይልካል። ባለ 1920 በ1080 ሞኒተር ከ2 ሚሊዮን በላይ ነጥቦች አሉት፤ እያንዳንዱ ነጥብ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ክፍል አለው፤ ሁሉም በሰከንድ ብዙውን ጊዜ 60 ጊዜ ይታደሳሉ። በመተማ ግን ከኪቦርድ ባልተናነሰ ትርጉም ያለው ማስገቢያ የጣት አሻራ ማንበቢያው ነው። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ድንበሩን ተሻግረው የገቡ ስደተኞች ሲመዘገቡ አሻራቸውና የዓይናቸው ምስል ይወሰዳል። በዓዋጅ ቁጥር 1284/2015 የተቋቋመው የፋይዳ መታወቂያም የአሥሩን ጣት አሻራ፣ የሁለቱን ዓይንና የፊትን ምስል ይይዛል። ማንበቢያው የጣቱን መስመሮች ወደ ቁጥር ይለውጣል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ጉዞ ከ«ሰሊጥ» የተለየ አይደለም። በጽዳት ግን ይለያል፦ መስታወቱ ላይ አቧራና ላብ ካለ አሻራው አይነበብም፤ በሰሊጥ አጨዳ የሻከረ ጣትም ደጋግሞ መጫን ሊያስፈልገው ይችላል።

ላፕቶፕ እነዚህኑ ክፍሎች በጠባብ ቦታ አጭቆ ባትሪ የጨመረበት ነው። መብራት ለሚቆራረጥበት ከተማ ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ ከዴስክቶፕ ያነሰ ኃይል ይወስዳል፤ ዩፒኤሱም በውስጡ አለ። በሙቀት ግን የባሰ ይጎዳል። የሊቲየም ባትሪ ከ45 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት እንዲሞላ አይመከርም፤ በቀትር መኪና ውስጥ ወይም ፍራሽ ላይ ተቀምጦ ቻርጅ የሚደረግ ላፕቶፕ ይህን ወሰን በቀላሉ ያልፋል። ባትሪው ካበጠ ተችፓዱ ከቦታው ይነሣል ወይም ኪቦርዱ ይጎብጣል፤ ያን ጊዜ ባትሪው መውጣት አለበት፤ መበሳትም ሆነ መጫን እሳት ያስነሣል።

ማዘርቦርዱ ላይ የምትታየው ክብ ባለ 3 ቮልት ባትሪ ማሽኑ ጠፍቶ እያለ ሰዓቱን የምትይዝ ናት። ስታልቅ ቀኑ ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ኢንተርኔት መክፈቻውም ድረ ገጾችን «አስተማማኝ አይደለም» እያለ ይከለክላል፤ የደኅንነት ማረጋገጫዎቹ የሚመዘኑት በቀን ነውና። ብዙ ሰው ይህን የኔትወርክ ችግር ያደርገዋል። ሲአር2032 የተባለችው ይህች ባትሪ በሰዓት መሸጫና በኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ትገኛለች።

ለቆላ ከተማ ያገለገለ ኮምፒዩተር የሚገዛ ሰው ሱቁ ውስጥ ሦስት ነገር ሊጠይቅ ይገባል። ሳጥኑ ተከፍቶ የካፓሲተሮቹ አናት ይታይ፤ ማሽኑ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ሥራ ላይ ቆይቶ የፕሮሰሰሩ ሙቀት በነጻ በሚገኝ ሶፍትዌር ይነበብ፤ የዲስኩ የጤና መረጃም እንዲሁ ይከፈት፤ ስንት ሰዓት እንደሠራና ስንት የተበላሸ ቦታ እንዳለው ዲስኩ ራሱ መዝግቦ ይይዛል። አዲስ አበባ ወይም ጎንደር ላይ 60 ዲግሪ ያሳየ ፕሮሰሰር በመተማ 80 ሊያሳይ እንደሚችል አስቦ መግዛት ነው። በሱቁ ቅዝቃዜ ውስጥ 85 የሚያሳይ ማሽን ቅባቱና ፋኑ ሳይለወጥ ወደ ገለጉ መጫን የለበትም፤ ሻጩ ይህን ለማስተካከል ፈቃደኛ ካልሆነ ቀጣዩን ሱቅ መጠየቅ ይሻላል።